ለፓርኪንሰን ፓቹ የኪኒኑ ምትክ ነው ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ይሻላል ወይስ የሚዋጠው ኪኒን? ብዙ ጊዜ የሚነሳው ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ አንድ ካርቶን ፓች ሲልክና እናት ወይም አባት ለዓመታት የወሰዱትን ሌቮዶፓ ትተው በእሱ ይተኩ ወይ ተብሎ ቤተሰቡ ሲከራከር ነው። የኔ አቋም ይህ ነው። ፓቹና ኪኒኑ አንድ መድኃኒት በሁለት መልክ የቀረበ አይደለም። ኪኒኑ ሌቮዶፓ ነው፤ ፓቹ ሮቲጎቲን ነው። አንዱ በሌላው ይተካ ከማለት በፊት የታካሚው ችግር በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ፣ መዋጥ መቻል አለመቻሉን፣ ዕድሜውንና የማስታወስ ሁኔታውን ማወቅ ይቀድማል። በሙያው ያላችሁ፣ የምታዝዙም የምትለጥፉም፣ ዝርዝሩን እንድታካፍሉ ጠይቄ ነበር። የመጡትን መልሶች በቅደም ተከተላቸው፣ በራሴ አባባል አሰፍራለሁ።

መልስ 1

ጀርመን አገር ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ የመነሻውን ሐሳብ ደግፋ ጀመረች። በንግድ ስሙ ኒውፕሮ የሚባለው ይህ ፓች በአውሮፓ የተፈቀደው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን በአሜሪካ ደግሞ በ2007 ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን እንጂ ፓቹ ውስጥ ያለውን አይደለም። 2 ሚሊግራም የሚለው ፓች ስፋቱ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በውስጡ 4.5 ሚሊግራም ይዟል። 4 የሚለው 20 ካሬ ሴንቲሜትርና 9 ሚሊግራም፣ 6 የሚለው 30 ካሬ ሴንቲሜትርና 13.5፣ 8 የሚለው 40 ካሬ ሴንቲሜትርና 18 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የሚከተለውን አበክራ ጻፈች። ከአንድ ቀን በኋላ የተላጠ ፓች ግማሽ ያህል መድኃኒት ገና በውስጡ አለ። ስለዚህ የሚጣብቀውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፎ ሕፃንና የቤት እንስሳ በማይደርሱበት መጣል ግዴታ ነው።

መልስ 2

አንድ የነርቭ ሐኪም ሌቮዶፓ ራሱ ለምን በፓች እንደማይመጣ አስረዱ። በቆዳ አልፎ የሚገባ መድኃኒት በትንሽ ሚሊግራም የሚሠራ መሆን አለበት። ሌቮዶፓ ግን በቀን በመቶዎች ሚሊግራም ይፈለጋል፤ ቆዳም በቀላሉ አያሳልፈውም። ከረዳት መድኃኒቱ ከካርቢዶፓ ጋር ተወስዶም ቢሆን በደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሽታው እየቆየ ሲሄድ ታካሚው በየሦስት በየአራት ሰዓቱ የሚዋጠውም፣ ኪኒኑ ሲያልቅበት የሚገተረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሮቲጎቲን እንደ ሌቮዶፓ ወደ ዶፓሚን፣ ማለትም እንቅስቃሴን ወደሚመራው የአንጎል ንጥረ ነገር፣ አይለወጥም፤ የዶፓሚን መቀበያዎችን በቀጥታ ይነካል እንጂ። ኃይላቸውን ለማመዛዘን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት 1 ሚሊግራም ሮቲጎቲንን ከ30 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ጋር ያነጻጽራል። በዚህ ስሌት የ8 ሚሊግራም ፓች ከ240 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ጋር ይተካከላል። በቀን 800 ወይም 1,000 ሚሊግራም ሌቮዶፓ የሚወስድ ሰው ኪኒኑን ትቶ አንድ ፓች ቢለጥፍ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ መገመት ይቻላል አሉ፤ ከአልጋ አይነሳም።

የውይይቱ ክር እዚህ ላይ ቢያልቅ እንኳ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃ ነበር። ሰው ግን ቀጠለ፤ ቀጠለም ጥሩ ሆነ።

መልስ 3

ዋሽንግተን አካባቢ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ ነርስ የሐኪሙን ስሌት አመስግና ወደ አለጣጠፉ ገባች። ፓች አልሠራም ከሚሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ጋ ችግሩ መድኃኒቱ ሳይሆን ቆዳው ነው ብላለች። ገላ ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይም ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው፤ በተቀባ ቆዳ ላይ ደግሞ ሙጫው አይዝም። ቦታው ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ዱቄትም ቅባትም አይነካውም። ፀጉር ካለ መላጨቱ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ይሁን፤ አዲስ የተላጨ ቆዳ ይቆጣል።

የሚለጠፍባቸው ቦታዎች ስድስት ናቸው፤ ሆድ፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ጎን፣ ትከሻና የላይኛው ክንድ። አንድ ቦታ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ወደዚያው መመለስ የሚቻለው ከ14 ቀን በኋላ ነው። እሷ የምትሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ስድስቱ ቦታዎች በቀኝና በግራ 12 ይሆናሉ፤ ሆድን በሁለቱም ወገን ከላይና ከታች ስትከፍለው 14 ይሞላል። በወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ሥሎ ከ1 እስከ 14 ቁጥር መስጠትና ማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍ ነው። ቀበቶና የቀሚስ ላስቲክ የሚያርፍበት መስመር ይዘለላል።

አለጣጠፉን ደረጃ በደረጃ ጽፋዋለች። ከረጢቱ የሚቀደደው በሚለጠፍበት ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ ከፍቶ ማስቀመጥ የለም። የጀርባው ፕላስቲክ መሐል ላይ ጠማማ መሰንጠቂያ አለው፤ ፓቹ በትንሹ ሲታጠፍ ይከፈታል። ግማሹን ፕላስቲክ ልጦ ሙጫውን በጣት ሳይነኩ መለጠፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን ግማሽ መላጥ፣ ከዚያ በመዳፍ ለ30 ሴኮንድ አጥብቆ መጫን። ይህን 30 ሴኮንድ ሰው ሁሉ ያሳጥረዋል ብላለች፤ ጠዋት የተለጠፈ ፓች ቀትር ላይ አንሶላ ውስጥ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠርዙ ከተነሳ በሕክምና ፕላስተር ማስያዝ ይቻላል። ጨርሶ ከወደቀ አዲስ ይለጠፋል፤ በማግስቱ ግን በተለመደው ሰዓት ይቀየራል። የቀረ ሙጫ በሕፃናት ዘይት ይጸዳል፤ በአልኮልና በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። በመጨረሻ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት የለም።

መልስ 4

አጭር ነበር። ጸሐፊው ሲስተርን አመስግኖ ለፓርኪንሰን ሰሌጂሊን የሚባል ሌላ ፓች እንዳለ፣ እንዲሁም ለማስታወስ የሚሰጥ ፓች እንዳለ መስማቱን ጻፈና ሁሉንም በአንድ ላይ መለጠፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 5

የጀርመኗ ፋርማሲስት ተመልሳ አረመችው። የሰሌጂሊን ኪኒን ለፓርኪንሰን ይታዘዛል፤ በአሜሪካ የሚሸጠው የሰሌጂሊን ፓች ግን ኤምሳም ይባላል፤ የተፈቀደውም ለድብርት ነው። ለማስታወስ የሚሰጠው ሪቫስቲግሚን ነው። በፓርኪንሰን ሳቢያ የአእምሮ መድከም ለመጣባቸው ሰዎች ይታዘዛል፤ በ4.6፣ በ9.5 እና በ13.3 ሚሊግራም ይመጣል። ሮቲጎቲንና ሪቫስቲግሚን አንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን ሊለጠፉ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ካዘዘ ማለት ነው። አደጋው መደራረቡ ላይ ነው። የትናንቱ ሪቫስቲግሚን ሳይላጥ የዛሬው ሲጨመር ከባድ ትውከት፣ የልብ ምት መዘግየትና ሞት ጭምር አስከትሏል። ስለዚህ ደንቡ መጀመሪያ አሮጌውን ማግኘት፣ ከዚያ አዲሱን መለጠፍ ነው። አሮጌው ካልተገኘ ታካሚውን አስወልቆ ጀርባውን ሳይቀር መፈተሽ ያስፈልጋል። ሪቫስቲግሚን ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠም በነበረበት መጠን አይቀጥልም፤ ከ4.6 እንደ አዲስ ይጀመራል።

አንድ ነገር እኔም ልጨምር። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የጉዞ ማቅለሽለሽ ፓች ስኮፖላሚን ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ በዕድሜ የገፋ የፓርኪንሰን ታካሚን ደግሞ ያወናብዳል።

መልስ 6

ድምፁ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በማኅበረሰብ ነርስነት የሚሠራ ሰው ሁላችሁም ፓቹን አሳንሳችሁታል ብሎ ገባ። ከምግብ ጋር አይጣላም፤ ጨጓራ ቀስ ብሎ ቢሠራም አይጎዳውም፤ ቀንና ሌሊት በእኩል መጠን ይሰጣል፤ በቀን አምስት ጊዜ ሰዓት መቁጠር ይቀራል። መለስተኛ የኩላሊት ወይም የጉበት ድካም ላለበት ሰው እንኳ መጠኑ መቀየር አያስፈልገውም። ለሁሉም አዲስ ታካሚ ከፓች መጀመር አለበት የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። የቀደሙትን ጸሐፊዎች በድሮ ልማድ የታሰሩ ብሎ መጥራቱ ግን ደግ አልነበረም።

መልስ 7

የነርቭ ሐኪሙ በቁጣ ሳይሆን በቁጥር መለሱ፤ ቁጥሩ ግን የሚያም ነበር። በእንግሊዝ የተካሄደው ፒዲ ሜድ የተባለ ጥናት ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 1,620 አዲስ ታካሚዎችን ሲያወዳድር በሌቮዶፓ የጀመሩት በእንቅስቃሴ ረገድ ትንሽ ግን ዘላቂ ብልጫ ነበራቸው። በጎን ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጡት ከሌቮዶፓ ወገን 2 በመቶ ሲሆኑ፣ የሮቲጎቲን ዘመዶች ከሆኑት መድኃኒቶች ወገን 28 በመቶ ነበሩ።

ቀጥለው ስለ ቁማር አነሱ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 3,090 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከቁጥጥር የወጣ ቁማር፣ ግዢ፣ የወሲብ ፍላጎት ወይም መብላት የታየው ይህን የመድኃኒት ዘር ከሚወስዱት 17.1 በመቶው ላይ ነው፤ ከማይወስዱት ደግሞ 6.9 በመቶው ላይ። ስለዚህ ፓች የጀመሩ አባት ድንገት የስፖርት ውርርድ ቤት ማዘውተር ቢጀምሩ ወይም ገንዘብ ያለ ምክንያት መጥፋት ቢጀምር፣ የጠባይ ብልሽት ነው ብሎ ከመውቀስ በፊት ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ታካሚው ራሱ አፍሮ አይናገርም፤ ቤተሰቡ ነው መጠየቅ ያለበት። ከ70 ዓመት በላይ የሆነ፣ የማስታወስ ችግር የጀመረው ወይም የሌለ ሰው የሚያይ ታካሚ ላይ ፓች መጀመር እሳቸው የማያደርጉት ነገር መሆኑን ጽፈዋል። መኪና እየነዱ ድንገት ማንቀላፋትንም አልዘለሉትም።

መልስ 8

የእንግሊዙ ነርስ አልተሸነፈም፤ ይህኛው መልሱ ግን ከፊተኛው የተሻለ ነበር። ፒዲ ሜድ ላይ የተወዳደሩት የሚዋጡት የዚያ ዘር መድኃኒቶች እንጂ ፓቹ አይደለም አለ፤ ልክ ነው። ከዚያ ሪከቨር የተባለውን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመውንና 287 ታካሚዎች የተሳተፉበትን ጥናት ጠቀሰ። ሮቲጎቲን የለጠፉት ሰዎች ጠዋት ሲነቁ የነበረባቸው መገተር ቀንሶላቸዋል፤ እንቅልፋቸውም ተሻሽሏል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በአልጋው ውስጥ መገላበጥ አቅቶት የሚነቃን ሰው የማታው ኪኒን አያደርሰውም፤ ጠዋት ጫማ ማሰር የማይችለውም ሌሊቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ስለሚያድር ነው። ለሁሉም ይሰጥ ያለውን ትቶ ለሌሊትና ለማለዳ ችግር ይሰጥ ወደሚለው ተሸጋገረ።

መልስ 9

ሐኪሙ በአንድ አረፍተ ነገር ተስማሙ፤ በሌላው ደግሞ ሪከቨር ፓቹን ያወዳደረው ባዶ ከሆነ ፓች ጋር እንጂ ከሌቮዶፓ ጋር እንዳልሆነ አስታወሱ። ከተሳታፊዎቹ ሌቮዶፓቸውን እየወሰዱ ፓቹን በላዩ የጨመሩ ነበሩ።

ለኔ የክሩ ፍሬ ነገር እነዚህ ሁለት መልሶች ናቸው። ፓቹ ለብዙ ሰው ከኪኒኑ ጋር አብሮ የሚሠራ የሌሊት ዘበኛ ነው።

መልስ 10

የምግብ ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም ነበር። አዲስ አበባ የምትሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኪኒኑ ከምግብ ጋር ስለሚጣላበት መንገድ ጻፈች። ሌቮዶፓ የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ የሚያልፍበትን በርም ከፕሮቲን ፍርፋሪዎች ጋር ይጋራል። ስለዚህ ኪኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ በውኃ ይወሰዳል። ብዙዎች ሥጋና ወተት ብቻ ይመስላቸዋል። የጾም ምግብ ግን ከፕሮቲን ነጻ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስርና አተር ክክ ፕሮቲን ናቸው። ምሳ ላይ ወፍራም ሽሮ በልቶ ወዲያው ኪኒን የዋጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢገተር አይደንቅም።

መፍትሔው ፕሮቲኑን ማስቀረት አይደለም፤ በፓርኪንሰን የሚመነምን ሰው ብዙ ነው። የቀኑን አብዛኛውን ፕሮቲን ወደ እራት ማዛወር ይቻላል፤ ቀን ላይ እንጀራ በአትክልት፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ይያዝ እንጂ ኪኒኑን በወተት አይዋጥ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ሌቮዶፓን ስለሚይዘው ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል። የሆድ ድርቀትም መታከም አለበት፤ የምግብ መውረጃው ሲዘገይ ኪኒኑም ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ፓቹን ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ በዚህ መልስ 6 ልክ ነበር ብላለች።

መልስ 11

ምስርና ሽሮ ሲነሳ ባቄላ ተከተለ። አንድ ሰው ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ ስላለ እሸት ባቄላ እየበሉ ኪኒኑን መተው እንደሚቻል በሙሉ ልብ ጻፈ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ስለ እሸት፣ ስለ ንፍሮና ስለ ዘመድ ምክር ሆነ።

መልስ 12

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ተመለሰች። ሌቮዶፓ በባቄላ ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ከደረቁ ይልቅ በእሸቱና በቅርፊቱ ይበዛል። መጠኑ ግን እንደ ዝርያው፣ እንደ መሬቱና እንደ አበሳሰሉ ይለያያል፤ ካርቢዶፓም የለበትም። ካርቢዶፓ ሌቮዶፓ ወደ አንጎል ሳይደርስ በመንገድ ላይ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ይከለክላል፤ ይህን በሙሉ ለመሥራት በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ይፈለጋል። ያለ እሱ የሚተርፈው ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ነው። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ላይ ደግሞ ባቄላ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል። ባቄላ ምግብ ነው፤ ይበላ። ኪኒኑ ግን በእሱ አይተካም።

መልስ 13

ከዱባይ የጻፈች ሴት ጥያቄዋ ስለ ረመዳን ነበር፤ ለአባቷ ኪኒኑን በፓች ለውጣ ጾሙን እንዲጾሙ ማድረግ ትችል እንደሆነ። ሌላ ሰው ወዲያው ስለ ዓቢይ ጾምና እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆዩ እናቶች ጨመረ።

መልስ 14

የነርቭ ሐኪሙ ጉዳዩን ለሁለት ከፈሉት። ሃይማኖታዊው ጥያቄ የሼሁ ወይም የንስሐ አባቱ ነው፤ የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። በሕክምናው በኩል በቀን አራትና አምስት ጊዜ የሚወሰድ ሌቮዶፓ ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ሊጨመቅ አይችልም። ፓች ሊያግዝ ይችላል፤ ግን በጾሙ ዋዜማ አይጀመርም። በሽታው ገና በጀመረው ሰው ላይ በ2 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 2 እየተጨመረ ነው የሚወጣው፤ ሌቮዶፓ በሚወስደውና በቆየበት ሰው ላይ ደግሞ በ4 ይጀመራል። ማቅለሽለሹ፣ ራስ ማዞሩና እንቅልፉ የሚታዩት በነዚህ ሳምንታት ነው። ለመጾም ያሰበ ሰው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት የሚለው የእሳቸው ምክር ነው። ሙቀቱንም ለባሕረ ሰላጤው አንባቢ ጨመሩ። ፀሐይ፣ የጋለ መኪና፣ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስና ሳውና መድኃኒቱን በአንዴ አብዝተው ያስገባሉ። እኔም ወይባ ጢስን እጨምራለሁ፤ ፓች የለጠፉ እናት ጢስ ላይ አይቀመጡ።

መልስ 15

ከአገር ቤት አንድ ሰው በግልጽነት ጻፈ። ፓቹ የሚመጣው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ያልቃል፤ ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የ4 ሚሊግራሙን በመቀስ ለሁለት ቆርጦ ይለጥፋል። መድኃኒቱ በሙጫው ውስጥ እኩል የተሰራጨ በመሆኑ ችግር የለውም ባይ ነው። እንዳይበላሽም ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል።

መልስ 16

ፋርማሲስቷ በዚህ ላይ ኮስተር አለች። መድኃኒቱ በሙጫው ውስጥ መሰራጨቱ እውነት ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ግን አይቆረጥ ይላል፤ 2 ሚሊግራሙም የተሠራው ለዚሁ ነው። የተቆረጠው ግማሽ ከረጢቱ ተከፍቶ ሲያድር ሙጫው ይደክማል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቶሎ ይነሳል፤ የገባውን መጠን ማንም አያውቅም። ፍሪጁ የድሮ መመሪያ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ፓቹ ላይ የበረዶ ቅንጣት የሚመስሉ ክሪስታሎች ስለታዩ በአሜሪካ ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ በአውሮፓም በቅዝቃዜ ይቀመጥ ተብሎ ነበር። በ2012 ቅመሙ ተስተካክሎ ተመለሰ፤ አሁን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ይቀመጣል። አዲስ አበባ ላይ መሳቢያ ይበቃል፤ ድሬዳዋና ጋምቤላ ላይ ግን ቦታው ይታሰብበት።

ከመቁረጡ ይልቅ ያስቆጣት መቋረጡ ነው። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ከባድ መገተር፣ ትኩሳትና መወናበድ ሊያመጣ ይችላል፤ ሌላው መልኩ ጭንቀት፣ ላብና ድንጋጤ ነው። የሚቆመው በየሁለት ቀኑ 2 ሚሊግራም እየተቀነሰ ነው። ከ8 ለመውረድ አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ በየደረጃው ትንንሾቹ ፓቾች በእጅ መኖር አለባቸው። የሚቀጥለው መንገደኛ የሚመጣበት ቀን ካልታወቀ ፓቹን አለመጀመር ይሻላል አለች። ሌቮዶፓ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቢቆራረጥም አገር ቤት ይገኛል፤ የሐኪሙም እጅ የለመደው እሱን ነው።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሻንጣ መድኃኒት የሚልክ ዘመድ ሁሉ ከመላኩ በፊት ቢያነበው እወዳለሁ።

መልስ 17

የሆስፒታል ዋርድ ነርስ የጻፈው ነው፤ ከሁሉም አስቸኳይ ነበር። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ለቀዶ ጥገና ወይም ለሳንባ ምች ሲተኛ፣ ምንም በአፍ እንዳይገባ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ሌቮዶፓውም አብሮ ይቆማል። በማግስቱ ሰውየው እንደ እንጨት ይደርቃል፤ መዋጥም ያቅተዋል። አንጀቱ የሚሠራ ከሆነ ቀዳሚው መንገድ ተራውን የሌቮዶፓ ኪኒን ፈጭቶ በውኃ በአፍንጫ ቱቦ መስጠት ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኪኒን ግን አይፈጭም፤ ሲፈጭ ለሰዓታት የታሰበው መጠን በአንዴ ይገባል። ምላስ ላይ የሚሟሟውም ቢሆን የሚገባው ከአንጀት ስለሆነ መዋጥ ለማይችል ሰው መፍትሔ አይሆንም። ቱቦ ካልተቻለ ወይም አንጀቱ ካልሠራ ሮቲጎቲን ፓች ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ሆኖም ከተለጠፈ በኋላ ደም ውስጥ እስኪታይ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እስኪረጋ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። መጠኑን በመልስ 2 ስሌት ሙሉ በሙሉ ማዛወርም በተወናበደ አዛውንት ላይ አደገኛ ስለሆነ ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል።

ከዚያ ቤተሰብ ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከታካሚው ካርድ ጋር ማያያዝ ያለበትን ዘረዘረ። ማስመለስን ለማስቆም የሚወጋው ፕላሲል፣ ለመረበሽ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ላርጋክቲል፣ ፌነርጋንም ጭምር ዶፓሚንን ይዘጋሉ፤ ፓቹንም ኪኒኑንም ዋጋ ያሳጣሉ። ማስመለስን ለማስቆም የልብ ችግር ከሌለ ዶምፐሪዶን፣ ወይም ኦንዳንሴትሮን ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ለኤምአርአይ ደግሞ ፓቹ ቀድሞ ይላጥ፤ ጀርባው አሉሚኒየም ስላለበት ቆዳ ያቃጥላል። ልብ በኤሌክትሪክ ከመመታቱ በፊትም እንዲሁ።

መልስ 18

አንዲት ልጅ እናቷ በፀበል ስለሚጠመቁ ፓቹ ይላጣል ወይ ስትል ጠየቀች፤ ሌላ ሰው ፀበል ካለ መድኃኒት ለምን ብሎ በማያስፈልግ ቃል ተናገራት። የዋሽንግተኗ ነርስ መሐል ገብታ ሰውየውን ቃሉን እንዲመርጥ ከነገረች በኋላ ለልጅቷ መለሰችላት። ቀዝቃዛ ውኃም ገላ መታጠብም ፓቹን አያበላሸውም፤ ቦታው በጨርቅ አይታሽ እንጂ። ጥምቀቱ ረጅም ከሆነ ከውኃው በኋላ ጠርዙን መዳሰስና በፕላስተር ማስያዝ ይበቃል። ጠዋት ኪኒን ያላቸው ከሆነ ግን ወረፋ ላይ ሰዓቱ እንዳያልፋቸው ኪኒኑ በቦርሳ ይያዝ።

መልስ 19

የነርቭ ሐኪሙ ከሁሉም በኋላ የመጣ አንድ ጥያቄ መለሱ፤ ወደ ሐኪም ሲኬድ ምን ይዞ መሄድ እንደሚሻል። የሦስት ቀን ወረቀት ይበቃል አሉ። በየሰዓቱ መስመር ይሰመር፤ ኪኒኑ የተዋጠበት ደቂቃ፣ ምግቡ፣ ታካሚው የተፈታበትና የተገተረበት ሰዓት፣ ያለፈቃድ የተወዛወዘበት ሰዓት፣ ሌሊት የነቃበት ጊዜ ይጻፍ። ፓች ካለ የተለጠፈበት ቦታም ይመዝገብ፤ ከትከሻ የሚገባው መድኃኒት ከጭን ከሚገባው እስከ 46 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል የቀናቱ ልዩነት ከዚያ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ተኝተው አንድ ጊዜ፣ ከተነሱ ከ3 ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መጠን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙ ማየት አለበት። የቁማሩን ጥያቄም በዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፉት፤ ታካሚው ፊት ለፊት መናገር ቢከብዳችሁ ወረቀቱን ብቻ ስጡኝ ብለዋል።